ኮምጣጣ አፈርና ኖራ፦ ሳያርስ የሚዘራ ገበሬ ኖራውን ምን ያድርገው?

ከሆሳዕና እስከ ሾኔ፣ ከዱራሜ እስከ ዶዮገና ያላችሁ ተከታታዮቻችን፣ ይህ ጽሑፍ ረዘም ይላል። ሴቭ አድርጋችሁ ያዙትና ቤት ስትገቡ ለአባት ለእናታችሁ አንብቡላቸው። ማሳው የነሱ ቢሆንም ስልኩ ያለው እናንተ ጋ ነው።

ጥያቄው በየቤቱ ያለ ነው። ማዳበሪያው በወረፋ ተገዝቶ ገብቷል፣ ዝናቡም አልጠፋም፣ ስንዴው ግን ቢጫ ሆኖ ቀጭጯል። ባቄላው አበባ ሳያወጣ ቀርቷል። በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ "ማዳበሪያው አንሶ ነው" ተብሎ ሌላ ይጨመራል። በኛ አካባቢ ደግሞ ማዳበሪያው የሚገዛበት ብር ብዙ ጊዜ ከየት እንደሚመጣ ሁላችንም እናውቃለን። ደቡብ አፍሪካ ሱቅ ከሚጠብቅ ልጅ ወይም ወንድም ነው። ያ ብር መሬት ውስጥ ገብቶ ሰብሉ ጋ ሳይደርስ የሚቀርበት አንዱ ትልቅ ምክንያት የአፈር ኮምጣጣነት ነው።

መድኃኒቱ ኖራ ነው፤ ይሄን ብዙ ሰው ሰምቷል። ብዙም ያልተነገረው ግን ኖራ በራሱ ወደ ታች አይሄድም። ሥሩ ያለበት ድረስ የሚያደርሰው ማረሻ ወይም ዶማ ወይም ብዙ ጊዜ ነው። ስለዚህ ማረስ ለሚቀንስ ወይም ጨርሶ ለሚያቆም ገበሬ የኖራ አጠቃቀሙ ሌላ ነው። ከመጀመሪያው እንነሳ።

▪️ ኮምጣጣ አፈር ማለት ምንድነው?

የአፈር ኮምጣጣነት የሚለካው ፒኤች በሚባል ቁጥር ነው። ከ0 እስከ 14 ይሄዳል፣ 7 መሃል ነው፣ ከ7 ሲወርድ ኮምጣጣ ነው። ልብ በሉ፣ ቁጥሩ በአንድ ሲወርድ ኮምጣጣነቱ በ10 እጥፍ ይጨምራል። ፒኤች 4.5 የሆነ አፈር ከ5.5ቱ በ"ትንሽ" የሚብስ ይመስላል እንጂ 10 እጥፍ ነው።

ወሳኙ መስመር 5.5 ነው። አልሙኒየም በማንኛውም አፈር ውስጥ አለ፤ ፒኤች ከ5.5 በላይ ሲሆን ግን ከሸክላው ጋር ታስሮ ስለሚቀመጥ ማንንም አይጎዳም። ከዚያ ሲወርድ እየሟሟ ይወጣና የሥርን ጫፍ ይመርዛል። ሥሩ ያጥራል፣ ይወፍራል፣ ቀጫጭን ጸጉሮቹን ያጣል። እንዲህ ያለ ሥር ውሃም ምግብም ፈልጎ ሩቅ አይሄድም። ዝናብ ለ10 ቀን ሲቋረጥ የጎረቤት ሰብል ቆሞ የናንተው የሚጠወልገው አንዳንዴ በዚህ ነው።

ሁለተኛው ጉዳት ኪስ ላይ ነው። በኤንፒኤስ (ብዙ ሰው አሁንም ዳፕ እያለ በሚጠራው) ማዳበሪያ ውስጥ ያለው ፎስፈረስ፣ በኮምጣጣ አፈር ከአልሙኒየምና ከብረት ጋር ይጣበቃል። አፈሩ ውስጥ አለ፣ ሰብሉ ግን አያገኘውም። የተገዛው ማዳበሪያ መጋዘን ገብቶ ተቆለፈበት ማለት ነው።

ሦስተኛው ባቄላና አተር ላይ ይታያል። ከሥራቸው ላይ እንክብል ሠርተው ናይትሮጅን ከአየር የሚያመጡላቸው ባክቴሪያዎች ኮምጣጣ አፈር አይወዱም።

▪️ ለምን የኛ አካባቢ?

ጉዳዩ የኛ ብቻ አይደለም። በኢትዮጵያ ከሚታረሰው መሬት 43 በመቶ ገደማ የሚሆነው የአሲዳማነት ችግር እንዳለበት ይገመታል። በደጋና በወይና ደጋ፣ ዝናብ በሚበዛበት ቀይ አፈር ላይ ይብሳል። በሀዲያ ዱና፣ ሚሻ፣ ለሞና ጎምቦራ፣ በከምባታ አንጋጫ፣ ዶዮገናና ቃጫ ቢራ እንዲህ ያለ መሬት ያላቸው ወረዳዎች ናቸው። ወደ ስምጥ ሸለቆው ዝቅ ወዳሉት ሻሾጎና ባደዋቾ ስንወርድ ዝናቡም ስለሚቀንስ ችግሩ እየቀለለ ይሄዳል። ይህ ግን አጠቃላይ አዝማሚያ ነው፤ በአንድ ቀበሌ ውስጥ እንኳ ማሳ ከማሳ ይለያያል።

ምክንያቶቹ አራት ናቸው፦

1. ዝናብ። በዓመት ከ1,000 ሚሊ ሜትር በላይ ሲዘንብ ካልሲየምና ማግኒዥየም እየታጠቡ ይወርዳሉ፣ ቦታቸውን ሃይድሮጅንና አልሙኒየም ይይዙታል።

2. ሰብሉን ከነገለባው ማንሳት። እህሉ ወደ ቤት፣ ገለባው ወደ ከብት፣ ኩበቱ ወደ ምድጃ ይሄዳል። ማሳው የሰጠው ሁሉ ይወጣል፣ ምንም አይመለስለትም።

3. ማዳበሪያው ራሱ። ዩሪያ አፈር ውስጥ ሲለወጥ አሲድ ያመርታል። አንድ ኩንታል ዩሪያ የሚያመጣውን አሲድ ለማካካስ በስሌት 80 ኪሎ ገደማ ኖራ ያስፈልጋል። ይህ ማለት ዩሪያ መጥፎ ነው ማለት አይደለም። ለ20 እና ለ30 ዓመት ዩሪያ ብቻ እየጨመሩ ኖራ አለመጨመር ግን ሒሳቡን ያዛባዋል።

4. የመሬት መጥበብ። ከምባታና ሀዲያ በሀገሪቱ ሕዝብ በጣም ተጠጋግቶ ከሚኖርባቸው አካባቢዎች ናቸው። ግማሽ ሄክታር የማይሞላ መሬት ለልጆች ሲካፈል አፈሩን የሚያሳርፍ የለም።

▪️ መልሱ ጓሯችን ውስጥ ነበር

አንድ ነገር እናስታውሳችሁ። እቤት አጠገብ ያለው የእንሰት ጓሮ አፈር ጥቁር፣ ልል፣ ትል ያለበት ነው። 200 ሜትር ራቅ ብሎ ያለው የስንዴ ማሳ ግን ቀይ፣ ጠጣር፣ ገርጣ ያለ ነው። ዝናቡ አንድ፣ መሬቱም መጀመሪያ አንድ ነበር። ልዩነቱን ያመጣው ሰው ነው።

እንሰቱ (በሀድይኛም በከምባትኛም "ዌሳ" የምንለው) ዙሪያውን በየቀኑ ፍግ፣ የምድጃ አመድ፣ የተቆረጠ ቅጠልና የቤት ጥራጊ ሲያገኝ ኖሯል። አመድ ውስጥ ካልሲየም አለ፤ በሥራው የኖራ ታናሽ ወንድም ነው። ፍጉ ደግሞ አልሙኒየሙን አስሮ ይይዘዋል። ለዚህ ነው እንሰት አብቃይ አካባቢዎች ላይ የተደረጉ የአፈር ጥናቶች የጓሮው ፒኤች ከሩቁ ማሳ ከፍ ብሎ የሚያገኙት።

ሌላም አለ። የእንሰት ጓሮ በየዓመቱ በበሬ አይገለበጥም። በዶማ ይቆፈራል፣ አፈሩ ሁሌም በጥላና በቅጠል የተሸፈነ ነው። ዛሬ "ዕቀባ እርሻ" ወይም "ሳያርሱ መዝራት" ተብሎ የሚሰጠው ሥልጠና መሠረቱ ሦስት ነገር ነው፤ አፈሩን አለመገልበጥ፣ መሸፈንና ሰብል ማፈራረቅ። እናቶቻችን ከሦስቱ ሁለቱን ጓሮ ውስጥ ሲሠሩት ኖረዋል።

ጥያቄው ይሄን ወደ ሩቁ ማሳ እንዴት እንውሰደው የሚለው ነው። አመድና ፍጉ ለጓሮው እንጂ ለማሳው አይበቃም። እዚህ ጋ ነው ኖራ የሚመጣው።

▪️ መጀመሪያ ለኩ

ሳትለኩ ኖራ አትግዙ። ናሙና አወሳሰዱ ቀላል ነው፣ አንድ ወጣት በግማሽ ቀን ይጨርሰዋል፦

• ማሳውን በዓይናችሁ ክፈሉት። ዳገቱንና ሜዳውን፣ ቀዩንና ጥቁሩን አትቀላቅሉ።
• በዚግዛግ እየሄዳችሁ ከ10 እስከ 15 ቦታ ቆፍሩ። አሮጌ አጥር፣ የፍግ ክምር፣ አመድ የተደፋበትና ዛፍ ሥር ያለውን ቦታ እለፉት።
• የሚታረስ ማሳ ከሆነ ከላይ እስከ 20 ሴንቲሜትር ያለውን አፈር ውሰዱ።
• የማይታረስ ከሆነ ግን ሁለት ባልዲ ያዙ። ከ0 እስከ 10 ሴንቲሜትር ያለው ለብቻ፣ ከ10 እስከ 20 ያለው ለብቻ ይሁን። ለምን እንደሆነ ከታች ይገባችኋል።
• ንጹሕ የፕላስቲክ ባልዲ ተጠቀሙ። የማዳበሪያ ከረጢት በፍጹም አይሆንም።
• ደባልቁት፣ አንድ ኪሎ ገደማ ወስዳችሁ በጥላ አድርቁት፣ ስምና ቀን ጽፋችሁ ለጥፉበት።

ጥሩው ጊዜ ከጥር እስከ የካቲት ነው፤ ውጤቱ ለመኸር ይደርሳል። ናሙናውን በቀበሌ የልማት ሠራተኛ በኩል ወደ ወረዳ ግብርና ጽሕፈት ቤት አድርሱ። አካባቢያችን ላይ የግብርና ትምህርት የሚሰጠው ዋቸሞ ዩኒቨርሲቲና ወላይታ ያለው የአረካ ግብርና ምርምር ማዕከልም አሉ። ስትጠይቁ ሁለት ነገር ጠይቁ፤ ፒኤች ብቻ ሳይሆን "ተለዋጭ አሲድ" የሚባለውንም። ፒኤች በሽታው መኖሩን ይነግራችኋል፣ የመድኃኒቱን መጠን የሚነግራችሁ ተለዋጭ አሲዱ ነው። ፒኤቻቸው አንድ የሆነ ሸክላና አሸዋማ ማሳዎች የሚፈልጉት የኖራ መጠን አንድ አይደለም።

እስከዚያው ግን ምልክት በነጻ ማየት ትችላላችሁ። አንድ ወር የሆነውን ስንዴ ወይም ባቄላ ከነሥሩ በጥንቃቄ ነቅላችሁ እጠቡት። ሥሩ አጭር፣ ወፍራምና ቡናማ ከሆነ፣ ባቄላውም እንክብል ከሌለው ወይም ቆርጣችሁ ስታዩት ውስጡ ሮዝ ካልሆነ ጠርጥሩ። ፎቶ አንስታችሁ ለልማት ሠራተኛ ላኩለት።

አፈር ውስጥ ተሰክቶ ፒኤችም እርጥበትም ብርሃንም ይለካል የሚባለውን ርካሽ መሣሪያ ግን አንመክራችሁም። ቁጥር ያሳያል፣ ቁጥሩ ግን አይታመንም።

▪️ የትኛው ኖራ?

ግብርና ላይ የሚውለው ኖራ የተፈጨ የኖራ ድንጋይ ነው፣ ካልሲየም ካርቦኔት። ቤት የሚቀባው ኖራ ድንጋዩ ተቃጥሎ የሚሠራ ስለሆነ ሌላ ነገር ነው። ኃይለኛ ነው፣ ቆዳና ዓይን ያቃጥላል። ጀሶ ደግሞ ሦስተኛ ነገር ነው፤ ፒኤች ከፍ አያደርግም። ካልሲየም ይዞ ወደ ታች መውረድ ይችላልና ታችኛው አፈር ላይ የአልሙኒየምን ጉዳት ይቀንሳል፣ ኖራን ግን አይተካም።

ስትገዙ ወይም ስትቀበሉ ሁለት ነገር እዩ፦

አንደኛ፣ ልቀቱ። ዱቄት የመሰለው በአንድ ዓመት ውስጥ ይሠራል። አሸዋ የመሰለው ዓመታት ይወስዳል። ጠጠር የሆነው ለናንተ ዕድሜ አይደርስም።

ሁለተኛ፣ ንጽሕናው። ጥቂት ቆንጥራችሁ ኮምጣጤ ጠብ አድርጉበት። አረፋ ካወጣ ካርቦኔት አለበት። ጨርሶ ዝም ካለ ጠይቁ። ይህ ግን መኖሩን እንጂ መጠኑን አይነግራችሁም፤ መጠኑ ላብራቶሪ ይፈልጋል።

"አንድ ጀሪካን ፈሳሽ ኖራ ሄክታር ያክማል" የሚል ማስታወቂያ ካያችሁ ደግሞ የሚቀጥለውን ሒሳብ ሠርታችሁ ራሳችሁ ፍረዱ።

▪️ ስንት ኩንታል?

ባለሙያዎቻችን የሚጠቀሙበት ስሌት የአፈሩን ጥልቀት (15 ሴንቲሜትር)፣ የአፈሩን ክብደትና ተለዋጭ አሲዱን አባዝቶ በመጨረሻ 1.5 የሚባል ማካካሻ ይጨምራል። ለናንተ እናቅልለው፦

የአፈሩ እፍግታ በኪዩቢክ ሜትር 1.2 ቶን ቢሆን፣ ለእያንዳንዱ 1 ነጥብ ተለዋጭ አሲድ 13.5 ኩንታል ኖራ በሄክታር ይደርሳል።

ምሳሌ፦ ውጤታችሁ 2 ቢል 27 ኩንታል በሄክታር ነው። ሄክታሩ አራት ጥማድ ነውና ለአንድ ጥማድ ወደ 7 ኩንታል ማለት ነው። የኖራው ጥራት 80 በመቶ ቢሆን ደግሞ 27ቱ ወደ 34 ኩንታል ያድጋል።

አያችሁ? ማዳበሪያ በሄክታር ሁለት ሦስት ኩንታል ነው፣ ኖራ ግን በአሥር እጥፍ። ለዚህ ነው ትልቁ ችግር የኖራው ዋጋ ሳይሆን መጓጓዣው የሚሆነው። ድንጋዩ ከሚፈጭባቸው የታወቁ ቦታዎች ጉደር ከአምቦ ወዲያ፣ ደጀን ዓባይ በረሃ አፋፍ ላይ ናቸው። ሆሳዕና ደርሶ፣ ወረዳ ገብቶ፣ ከመንገድ ዳር እስከ ማሳ በአህያና በሸክም ሲገባ ያለውን ድካም አስቡት። ስለዚህ አንድ ገበሬ ብቻውን ከሚጠይቅ የቀበሌው ገበሬዎች በማኅበር ተሰባስበው ቢጠይቁ ይሻላል።

ይሠራል ወይ? በማዕከላዊ ኢትዮጵያ ደጋ በገብስ ማሳ ላይ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ ጥናት፣ 2.2 ቶን (22 ኩንታል) በሄክታር ፒኤቹን በ1.1 ከፍ እንዳደረገው አሳይቷል። 5.5 ኩንታል ብቻ እንኳ ወደ ግማሽ ነጥብ ከፍ አድርጎታል። አንዴ በአግባቡ የገባ ኖራ ለተወሰኑ ዓመታት ይሠራል። ከሦስት እስከ አምስት ዓመት ባለው ጊዜ ግን እንደገና መለካት ይገባል።

▪️ ዋናው ጉዳይ፦ ሳይታረስስ?

ብዙ ቤት በሬ ጥንድ የለውም። መቀናጆ ፈልጎ፣ ወረፋ ጠብቆ ሲያርስ ዝናቡ ያልፈዋል። ዳገት ላይ ያለው ደግሞ አራት አምስት ጊዜ ባረሰው ቁጥር አፈሩ ወደ ወንዝ ይሄዳል። ስለዚህ ማረስ መቀነስ ብዙ ሰው የሚፈልገው ነገር ነው። በሀገራችን እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ሳሳካዋ ግሎባል 2000 በገበሬ ማሳ ላይ ሲያስሞክረው ነበር።

ግን ኖራ እንደ ጨው ወይም እንደ ዩሪያ በውሃ አይሟሟም። የሚያክመው የወደቀበትን ጥቂት አፈር ነው። ላዩ ላይ ከተበተነ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ዓመታት ብዙውን ጊዜ ከ5 እስከ 10 ሴንቲሜትር አያልፍም። የስንዴ ሥር ግን ከዚያ በታች መውረድ ይፈልጋል።

በዚያ ላይ ያልታረሰ ማሳ ላይ ዩሪያውም ላይ ላዩን ነው የሚቀረው። ስለዚህ አንዳንዴ ላይኛው 5 ሴንቲሜትር ብቻ በጣም ይኮመጥጣል፣ ታቹ ደህና ይሆናል። እስከ 20 ሴንቲሜትር ደባልቃችሁ ከለካችሁ ይህ አይታያችሁም። ሁለት ባልዲ ያልነው ለዚህ ነው።

በተግባር ሦስት ዓይነት ቤት አለ፦

1️⃣ እስካሁን እያረሰ ያለ፣ ወደፊት ማቆም የሚፈልግ።
መልሱ አንድ ነው፤ መጀመሪያ አክሙ፣ ከዚያ ማረሻውን ስቀሉ። ሙሉውን መጠን በትኑ። ከመዝራት አንድ ሁለት ወር በፊት፣ እርጥበት ባለበት፣ ሁለት ጊዜ አርሳችሁ ከአፈር ጋር ቀላቅሉት። ለመኸር ስንዴ ግንቦት ጥሩ ነው። ማረስ ያቆማችሁት ኖራ ሳይገባ ከሆነ፣ አሲዱን ከታች ቆልፋችሁ ነው የሄዳችሁት።

2️⃣ ማረስ ያቆመ፣ ችግሩ ላይኛው 10 ሴንቲሜትር ላይ ብቻ ያለ።
ማረስ አያስፈልግም። ስሌቱን ለ10 ሴንቲሜትር ሥሩት። ከላይ ባለው ምሳሌ 27ቱ ወደ 18 ኩንታል ይወርዳል። እሱንም በአንዴ አታፍስሱት። ዘንድሮ ግማሹን፣ ከዓመት ወይም ከሁለት ዓመት በኋላ ቀሪውን በትኑ። በጣም ደቃቅ የሆነውን ኖራ ምረጡ።

3️⃣ ማረስ ያቆመ፣ ላዩም ታቹም የኮመጠጠ።
ከባዱ ይህ ነው። አንድ ምርጫ ለአንድ ዓመት ብቻ አርሶ ሙሉውን ኖራ ቀላቅሎ እንደገና ማቆም ነው። ሜዳ ላይ ይህ ያዋጣል። ዳገት ላይ ከሆነ ግን ጎርፉ ይበልጣልና ሁለተኛው መንገድ ይሻላል፤ ላዩ ላይ በየጊዜው ጥቂት ጥቂት መበተን፣ አፈሩን መሸፈን፣ እስከዚያው አሲድ የሚችል ሰብል መዝራት። ትዕግሥት ይጠይቃል።

ኖራው በቂ ካልሆነስ? ከሙሉው መጠን ሩቡን ወይም ግማሹን በዘር ረድፍ ውስጥ አድርጎ ከአፈር ጋር መቀላቀል ይቻላል። ለዘንድሮ ሰብል ይረዳል። ማሳውን ግን አላከመውም፣ በሚቀጥለው ዓመት እንደገና ይፈልጋል።

እንሰትና ቡናስ? ሥራቸው እንዳይቆረጥ ዙሪያውን በትናችሁ በስሱ ኮትኩቱ። እንሰት ከቦታ ወደ ቦታ ሲዛወር የሚቆፈረው ጉድጓድ ጥሩ አጋጣሚ ነው፤ ኖራ ወይም አመድ ከአፈሩ ጋር ቀላቅሎ ለመመለስ ይመቻል።

▪️ ብራዚል ምን አደረገች?

እ.ኤ.አ. በ1972 ኸርበርት ባርትዝ የሚባል ገበሬ በፓራና ግዛት ሮላንዲያ ላይ ሳያርስ መዝራት ጀመረ። ያስጀመረው የአፈር መሸርሸር ነው፤ የኛው ችግር። ዛሬ ብራዚል በዚህ ዘዴ በዓለም ከፊት ናት፣ አፈሯም እንደኛው ቀይና ኮምጣጣ ነው። ሴራዶ የሚባለው ሰፊ ሜዳዋ ለእርሻ የበቃው በኖራ ነው።

ከነሱ ሁለት ነገር እንማራለን። አንደኛ፣ መጀመሪያ ኖራ ከአፈር ጋር ቀላቅሎ ከዚያ ማረስ ማቆም የተለመደው መንገዳቸው ነው። ሁለተኛ፣ ላዩ ላይ የተበተነ ኖራም በዓመታት ውስጥ ወደ ታች እንደሚደርስ አይተዋል። የሚያወርደው የሞቱ ሥሮች የተዉት ቀዳዳ፣ ትሎችና የበሰበሰ ገለባ ነው። ገለባ በሌለበት፣ ባዶ አፈር ላይ ግን ይሄ ነገር አይጠበቅም።

የኛ ልዩነት እዚህ ጋ ነው። ብራዚላዊው ገለባውን ማሳ ላይ ይተወዋል፤ እኛ ጋ ገለባ የላም ምግብ ነው። "ገለባችሁን ተዉት" ብሎ መሄድ ቀላል ምክር ነው፣ ላሟን የሚያበላ ግን የለም። ስለዚህ መጀመሪያ መኖ መተካት አለበት። ዶዮገና አካባቢ በእርከን ላይ የሚተከለው የደሾ ሣር ሁለት ሥራ ይሠራል። ለከብት ይታጨዳል፣ አፈሩንም ይይዛል። እርከኑ ከሌለ ደግሞ ላይ ላዩን የበተናችሁት ኖራ በመጀመሪያው ከባድ ዝናብ ወደ ጎረቤት ይሄዳል።

▪️ ኖራ ካልተገኘ

• አመድ አትጣሉ። ኃይሉ እንደ እንጨቱ ይለያያል፣ በአጠቃላይ ግን ከኖራ ያነሰ ነው። ደረቅ ቦታ አጠራቅሙ፤ ዝናብ ካገኘው ጥቅሙ ይታጠባል።
• ፍግና ኮምፖስት ወደ ሩቁ ማሳ አንድ ጥግ ውሰዱ። በየዓመቱ ጥጉን ቀይሩ።
• ሰብል ምረጡ። ድንችና ሲናር ኮምጣጣ አፈር በተሻለ ይችላሉ። ገብስና ባቄላ በጣም ይጎዳሉ።
• መሬቱ እንቢ ሲል ሁሉንም ባህር ዛፍ ማድረግ ብዙ ሰው የሚሄድበት መንገድ ነው። ብር ያመጣል፣ እንረዳለን። ግን ዛፉ ሲቆረጥ ካልሲየሙንም ይዞ ይሄዳል፣ መሬቱን ወደ እህል መመለስም ከባድ ነው።

▪️ የሚበዙ ስህተቶች

❌ ኖራና ዩሪያ በአንድ ቀን ላዩ ላይ መበተን። ናይትሮጅኑ ጋዝ ሆኖ ይጠፋል፤ ሽታው ራሱ ይነግራችኋል። ከትኩስ ፍግ ጋርም እንዲሁ ነው። ሳምንታት አራርቁ።
❌ ኖራ ሰጥቶ ማዳበሪያ ማቆም። ኖራ መጋዘኑን ይከፍታል እንጂ ምግብ አይደለም።
❌ "ካልጎዳ ይብዛ" ማለት። ሲበዛ ዚንክና ቦሮን ይቆለፋሉ። ፒኤቹን 5.5 ካሳለፋችሁና እስከ 6 አካባቢ ከደረሳችሁ ለአብዛኛው ሰብል ይበቃል።
❌ ለድንች ማሳ ኖራ አብዝቶ ወዲያው መትከል። የድንች እከክ የሚያመጣው ተህዋስ ፒኤች ከፍ ሲል ይመቸዋል። ድንች ከስንዴ ጋር የሚያፈራርቅ ሰው ኖራውን ከስንዴው በፊት ያድርግ።
❌ በነፋስና በባዶ ፊት መበተን። ጠዋት ነፋስ ሳይነሳ፣ አፍና አፍንጫ ተሸፍኖ፣ ዓይን ተጠብቆ ይሁን።
❌ አንድ ዓመት አይቶ መፍረድ። ላዩ ላይ የተበተነ ኖራ በመጀመሪያው ዓመት ብዙም ላያሳይ ይችላል። በሁለተኛውና በሦስተኛው እዩት።

▪️ ዛሬ ምን ማድረግ ትችላላችሁ?

እ.ኤ.አ. በ2014 የተጀመረው 8028 የገበሬዎች የስልክ መረጃ መስመር ሲሰራ ሀድይኛና ከምባትኛን ጨምሮ በተለያዩ ቋንቋዎች ነው። አባባ አማርኛ ካልቀለላቸው በቋንቋቸው ይስሙ።

ከዚያ ትንሽ ሙከራ ሥሩ። ከአንድ ማሳ 10 ሜትር በ10 ሜትር ለኩ። በምሳሌው መጠን (27 ኩንታል በሄክታር) ከሄዳችሁ ለዚህች ቁራሽ 27 ኪሎ ኖራ ብቻ ይበቃል። አጠገቧ ተመሳሳይ ቁራሽ ያለ ኖራ ተዉ። ዘሩና ማዳበሪያው አንድ ይሁን። አራት ማዕዘኗን በእንጨት ምልክት አድርጉ፣ በየወሩ ከአንድ ቦታ ቆማችሁ ፎቶ አንሡ፣ ሲታጨድ ለየብቻ መዝኑ። አባትን የሚያሳምነው የኛ ጽሑፍ ሳይሆን ያ ሚዛን ነው።

27 ኪሎ ኖራ ትንሽ ነገር ነው። ግን ከደቡብ አፍሪካ የሚላከው ብር በሚቀጥለው ዓመት ሌላ ኩንታል ማዳበሪያ ላይ ይዋል ወይስ መጀመሪያ አፈሩ ይታከም የሚለውን ቤተሰብ ቁጭ ብሎ እንዲወስን ያደርጋል። ግማሽ ሄክታር ላላት ቤት ይህ ቀላል ውሳኔ አይደለም።

ሞክራችሁ ያያችሁትን፣ የሠራውንም ያልሠራውንም፣ ከነፎቶው ላኩልን። ለሚመለከተው ሰው ሼር አድርጉለት።